የዕቃ ማጠቢያው መኪና ውኃውን አላስወጣም ሲል

በቤት አስተዳደር ሥራ ለቤቱ ባለቤት ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው ነገር፥ አንድ ዕቃ በተበላሸ ጊዜ ከመቈጣት አስቀድሞ መመርመር ነው። ቍጣ ለመምጣት የሚፈጥን፥ ምርመራ ግን ጊዜና ትዕግሥት የሚጠይቅ ስለ ሆነ፥ በብዙ ቤት ቍጣው ቀድሞ ይገባና ምርመራው ከደጅ ይቀራል። በዚህም ምክንያት ገና ብዙ ዘመን ሊያገለግል የሚችለው ዕቃ እንደ ሞተ ተቈጥሮ ይጣላል፤ በጥፋቱ እጁ የሌለበትም ሰው እንደ በደለኛ ተቈጥሮ ይወቀሳል። ዛሬ ስለ ዕቃ ማጠቢያ መኪና፥ ይልቁንም የታጠበበትን ውኃ ገፍቶ ስለሚያስወጣው ፓምፕ፥ ለአንባቢዎቻችን ጥቂት ልናስረዳ ያሰብነው ስለዚህ ነው።

ይህ መኪና በአዲስ አበባ በአንዳንድ ቤት ገብቶ ይገኛል፤ ወገኖቻችን በብዛት በሚኖሩበት በአሜሪካና በአውሮፓ አገርማ ብዙ ጊዜ ከወጥ ቤቱ ጋር አብሮ የሚሠራ ዕቃ ነው። የተፈጠረበትም ታሪክ ለቤት አስተዳደር ትምህርት የሚሆን ነገር አለው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1850 ዓ.ም. ጆኤል ሃውተን የተባለ አሜሪካዊ በእጅ እየተዘወረ በሳህን ላይ ውኃ የሚረጭ የእንጨት መኪና አውጥቶ ነበር፤ ነገር ግን ሥራው የታሰበውን ያህል አልሆነም። ከዚያ በኋላ በኢሊኖይ ግዛት በሼልቢቪል ከተማ ትኖር የነበረች ጆሴፊን ኮክሬን የተባለች እመቤት፥ ሳህኖቹ በሽቦ መደርደሪያ ቆመው ውኃው በግፊት የሚረጭባቸውን መኪና አሰናዳች፤ በ1886 ዓ.ም.ም የፈጠራ መብቷ ተመዘገበላት። እንደሚተረክላት ይህን እንድታስብ ያደረጋት፥ ውዱ የሸክላ ሳህኗ በሚታጠብበት ጊዜ በአሽከሮቿ እጅ እየተሸረፈ ማስቸገሩ ነው። ባልዋም ዕዳ ትቶባት ስለ ሞተ፥ አሳቧን ወደ ሥራና ወደ ንግድ ለመለወጥ ሌላ ምክንያት አገኘች። በ1893 ዓ.ም. በቺካጎ ከተማ በተደረገው ታላቅ የዓለም ኤግዚቢሽን መኪናዋ ታይቶ ተመሰገነ፤ በመጀመሪያም በብዛት የገዟት ሆቴሎችና ምግብ ቤቶች ነበሩ።

እንግዲህ ይህ መኪና፥ ትረካው እንደሚለው፥ «ሳህኑን ማን ሸረፈው?» ከሚል የወጥ ቤት ክርክር የተወለደ ነው። መኪናው ራሱ በታመመ ጊዜ ግን ያው ክርክር መልኩን ለውጦ ተመልሶ ይነሣል፤ «መኪናውን ማን አበላሸው?» ይባላልና። የዚህም መልስ የሚገኘው በቍጣ ሳይሆን በመኪናው ሆድ ውስጥ ነው።

አስቀድሞ አሠራሩን ማወቅ ያስፈልጋል። ውኃው ከቧንቧ ወደ መኪናው ይገባል፤ በዛሬ ዘመን የተሠራ መኪና ለአንድ እጥበት የሚፈልገው ወደ 10 ሊትር ገደማ ነው። ይህም ውኃ ከወለሉ መካከል ባለው ጎድጓዳ ስፍራ ይጠራቀማል። በዚያ ስፍራ ሁለት ፓምፖች ያገለግላሉ። አንደኛው፥ እኛ ረጪው ፓምፕ የምንለው፥ ውኃውን በማጣሪያው እያሳለፈ ቀዳዳ ወዳላቸው ተሽከርካሪ ክንዶች ይገፋዋል፤ እነርሱም በሳህኑ ላይ ይረጩታል፤ የወረደውም ውኃ ተመልሶ እንደገና ይረጫል። ሁለተኛው፥ አስወጪው ፓምፕ የምንለው፥ እጥበቱ ሲፈጸም የቆሸሸውን ውኃ በጎማ አሳልፎ ወደ ገንዳው ሲፎን ያወጣዋል። ይህ ሁለተኛው ከሰው ጡጫ የማይበልጥ፥ ኃይሉም ብዙ ጊዜ ወደ 30 ዋት ገደማ የሆነ ትንሽ ዕቃ ነው። ነገር ግን ትንሹ አገልጋይ ሥራውን ሲያቆም ትልቁ ቤት እንደሚታወክ፥ እርሱ የቆመ እንደ ሆነ መኪናው በሙሉ ሥራ ይፈታል።

ስለዚህ መርማሪው በመጀመሪያ ሕመሙ የየትኛው እንደ ሆነ ይለይ። ሳህኑ እንደ ቆሸሸ ወጥቶ ውኃው ግን በመጨረሻ ተጠራርጎ የሄደ እንደ ሆነ፥ ሕመሙ ቀዳዳቸው በተደፈነ ክንዶች ወይም በረጪው ፓምፕ ነው። ሳህኑ ታጥቦ ውኃው በወለሉ ላይ ተኝቶ የቀረ እንደ ሆነ፥ ሕመሙ ከአስወጪው ፓምፕ ወይም ከመውጫው መንገድ ነው። ውኃ ከመጀመሪያው ያልገባ እንደ ሆነ ደግሞ ጥፋቱ የፓምፕ ላይሆን ይችላል፤ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የሚኖር ሰው ቧንቧውን ከፍቶ ሳያይ መኪናውን አይውቀስ። በአንዳንድ መኪና ፊት ላይም ሕመሙን የሚናገር ምልክት ይበራል። ለምሳሌ በቦሽ መኪናዎች የላቲኑ ኢ ፊደል ከ24 ቍጥር ጋር የታየ እንደ ሆነ ውኃው መውጫ ማጣቱን፥ ከ25 ጋር የታየ እንደ ሆነ አስወጪው ፓምፕ መያዙን ወይም ክዳኑ በቦታው አለመግጠሙን ያመለክታል። የሌላው ፋብሪካ ምልክት ሌላ ስለ ሆነ፥ ከመኪናው ጋር የመጣውን መጽሐፍ መጣል ታላቅ ጥፋት ነው።

ጆሮም ምስክር ነው። መኪናው ውኃውን ለማስወጣት በተነሣ ጊዜ እንደ ንብ እያጕረመረመ ውኃው ያልተነቃነቀ እንደ ሆነ፥ ኤሌክትሪኩ ደርሶታል፥ መዘውሩ ግን ተይዟል ማለት ነው። እንደ ወፍጮ የሚፈጭ ድምፅ የተሰማ እንደ ሆነ ጠጣር ነገር ገብቶበታል። ፈጽሞ ዝም ያለ እንደ ሆነ ግን ወይ ኤሌክትሪኩ አልደረሰውም፥ ወይ የውስጡ ሽቦ ተቈርጧል። ይህን በልቡና ይዞ ከዚህ ቀጥሎ በተጻፈው ተራ መመርመር ይገባል። ተራውም ወጪ ከሌለበት ጀምሮ ወጪ ወዳለበት የሚሄድ ነው።

1ኛ፤ ውኃና ኤሌክትሪክ በአንድ ሣጥን ውስጥ ያሉበት ዕቃ ስለ ሆነ፥ ከሁሉ በፊት ስፒናው ከግድግዳው ይነቀል። ስፒናው ከመኪናው ኋላ ተሰውሮ የማይደረስበት የሆነ እንደ ሆነ፥ የወጥ ቤቱ መስመር ከብሬከሩ ይጥፋና ሌላ ሰው እንዳያበራው ለቤተ ሰቡ ሁሉ ይነገር። በመኪናው ላይ ያለውን ማጥፊያ መጫን ብቻ አይበቃም። ቀጥሎ የመኪናው የውኃ ቧንቧ ይዘጋ። እጅን ከብርጭቆ ስባሪ የሚጠብቅ ወፍራም ጓንትም ይደረግ።

2ኛ፤ የታችኛው መደርደሪያ ወጥቶ በወለሉ ላይ የቀረው ውኃ በኩባያ ይቀዳ፤ የቀረውም በስፖንጅ ይጠጣ። ከዚያ ማጣሪያው ተዞሮ ይውጣና በሙቅ ውኃና በለስላሳ ብሩሽ ይታጠብ። በእኛ አገር ወጥ ቤት ማጣሪያውን የሚደፍነው ምን እንደ ሆነ መገመት አያስቸግርም፤ በውኃ ርሶ እንደ ሙጫ የሚሆን የእንጀራ ፍርፋሪ፥ የበርበሬ ፍሬ፥ የሎሚ ፍሬ፥ የዶሮ አጥንት ስንጣሪ፥ ሲቀዘቅዝ የሚረጋ የወጥ ቅቤ፥ ከማሰሮ የተላጠ ወረቀትም ነው። ፓምፑ ተበላሸ ከተባለበት ቤት በአንዳንዱ ምርመራው እዚሁ ላይ ይፈጸማል።

3ኛ፤ ማጣሪያው ንጹሕ ሆኖ ውኃው ያልወጣ እንደ ሆነ፥ ከጎድጓዳው ስፍራ በአንድ ወገን የአስወጪው ፓምፕ ክዳን ይታያል። በአንዳንዱ መኪና ይህ ክዳን በሻይ ማንኪያ እጀታ ቀስ ብሎ ተፈልቅቆ ይወጣል፤ በሌላው በብሎን የታሰረ ነው። ክዳኑ ሲነሣ ክንፍ ያለው ትንሽ መዘውር ይገለጣል። ጣትን ሰድዶ መዳሰስ ክልክል ነው፤ የሚቆርጥ ስባሪ ሊኖር ይችላልና። በመብራት አይቶ፥ በመቆንጠጫ የሚወጣውን አውጥቶ፥ ከዚያ በቀጭን እንጨት መዘውሩን ማዞር ነው። ደኅናው መዘውር በውስጡ ማግኔት ስላለ እየተንገራገጨና እየዘለለ ይዞራል፤ ይህ መንገራገጭ የጤና ምልክት እንጂ የበሽታ አይደለም። ፈጽሞ አልዞር ያለ እንደ ሆነ ገና የያዘው ነገር አለ። ያለ አንዳች መንገራገጭ በነፋስ እንደሚዞር ወረቀት የተሽከረከረ ወይም ከዘንጉ የተላቀቀ እንደ ሆነ ግን መዘውሩ ተሰብሯልና አዲስ ፓምፕ ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ በምናውቀው በአንድ ቤት የሆነውን ብናስታውስ ለነገሩ ማስረጃ ይሆናል። በዚያ ቤት በበዓል ማግሥት መኪናው ጮኾ ቆመ። የተጠራውም ጠጋኝ በሩን ከፍቶ ጥቂት ካዳመጠ በኋላ፥ አንድ ብሎን እንኳ ሳይፈታ፥ «ፓምፑ ተቃጥሏል፤ መኪናውም ከእንግዲህ አይሆናችሁም» ብሎ የመምጫውን ዋጋ ተቀብሎ ሄደ። የቤቱ ጌታም ሠራተኛይቱን አስጠርተው፥ «ትራፊውን ሳታራግፊ ስለምትከቺበት ነው፤ ዋጋው ከደመወዝሽ ይታሰባል» አሏት። እርስዋም፥ «ጌታዬ፥ እኔ ሁልጊዜ አራግፌ ነው የማስገባው» ከማለት በቀር የምትከራከርበት ማስረጃ አልነበራትም፤ ደመወዟም በገጠር ላሉት እናቷ የሚላክ ስለ ነበር አለቀሰች። በዚያው ሳምንት ለጥየቃ የመጣ የጌታው የእኅት ልጅ፥ «ጋሼ፥ ከመጣሉ በፊት እስቲ ልየው» ብሎ ለመነ። ስፒናውን ነቅሎ፥ ውኃውን ቀድቶ፥ ክዳኑን አንሥቶ ቢያይ፥ በመዘውሩ ክንፎች መካከል የስንዴ ቅንጣት የምታህል ሰማያዊ የብርጭቆ ስባሪ ተሰንቅራ አገኘ። ያ ሰማያዊ ብርጭቆ ከመስታወቱ ቁም ሣጥን የሚወጣው ለክብር እንግዳ ብቻ ነው። በበዓሉም ሌሊት ሠራተኛይቱ ከተኛች በኋላ ብርጭቆዎቹን ሰብስበው በመኪናው ውስጥ የደረደሩት የቤቱ ባለቤቶች ራሳቸው ነበሩ።

ስባሪዋ ከወጣች በኋላ መኪናው አንድም አዲስ ዕቃ ሳይገዛለት ሠራ። ጌታውም ሠራተኛይቱን በቤተ ሰቡ ሁሉ ፊት ጠርተው፥ «በአንቺ ላይ የተናገርሁት ቃል እውነት አልነበረም» አሏት፤ ደመወዟም ሳይጐድል ተከፈላት። እኛም ከመኪናው መዳን ይልቅ የዚያን ቃል መነገር አደነቅን። በምስጢር የወቀሰ ሰው በምስጢር ቢክስ ይበቃው ይሆናል፤ በአደባባይ የወቀሰ ግን በአደባባይ ሊክስ ይገባዋልና።

ወደ ምርመራችን እንመለስ። 4ኛ፤ መዘውሩ ደኅና ሆኖ ውኃው ያልወጣ እንደ ሆነ የመውጫው መንገድ ይታይ። ጎማው ከመኪናው ኋላ ተጣጥፎ ወይም ተጨፍልቆ እንደ ሆነ ይቃና። ከዚያ ጎማው ከሲፎኑ ተፈትቶ ጫፉ በባልዲ ውስጥ ይደረግ፤ ማጣሪያውና የፓምፑ ክዳን በቦታቸው ይመለሱ፤ ጥቂት ንጹሕ ውኃ በወለሉ ላይ ይፍሰስ፤ በሩም ተዘግቶ ስፒናው ይሰካና መኪናው እንዲያስወጣ ይታዘዝ። ውኃው ወደ ባልዲው በኃይል የወጣ እንደ ሆነ ፓምፑ ጤነኛ ነው፤ የተደፈነው የገንዳው ሲፎን ነውና እርሱ ይጠረግ። ውኃው በቀጭኑ የተንጠባጠበ እንደ ሆነ ጎማው ራሱ በረጋ ቅቤና በአተላ ጠብቧል፤ ስፒናው እንደገና ከተነቀለ በኋላ ጎማውን አውጥቶ በሙቅ ውኃ ማጠብ ያስፈልጋል። ጎማው ወደ ሲፎኑ ሲመለስ ከመሬት ከፍ ብሎ የታጠፈ መሆን አለበት፤ ዝቅ ብሎ የተኛ እንደ ሆነ የገንዳው ቆሻሻ ውኃ ወደ መኪናው ሊመለስ ይችላል።

5ኛ፤ መንገዱ ሁሉ ክፍት ሆኖ ፓምፑ ዝም ያለ እንደ ሆነ፥ የውስጡ የመዳብ ሽቦ በቴስተር ይለካ። ይህ የሚደረገው ስፒናው ተነቅሎ፥ ወደ ፓምፑ የሚገቡትም ሁለት ሽቦዎች ተለይተው ነው። ሽቦዎቹ ሳይለዩ በፊት በስልክ ፎቶግራፍ ማንሣት በኋላ ከብዙ ድካም ያድናል። ለ220 ቮልት የተሠራ አስወጪ ፓምፕ ብዙ ጊዜ ከ100 ኦም በላይ የሆነ፥ በመቶዎች የሚቈጠር መጠን ያሳያል። ቴስተሩ ምንም መንገድ የለም ያለ እንደ ሆነ ሽቦው ውስጥ ለውስጥ ተቈርጧል፤ ወደ ዜሮ የቀረበ እንደ ሆነ ደግሞ ሽቦዎቹ እርስ በርሳቸው ተነካክተዋል። በሁለቱም ፓምፑ ሞቷልና ይለወጥ። መጠኑ ትክክል ሆኖ ፓምፑ ዝም ያለ እንደ ሆነ ግን ጥፋቱ ከመኪናው አእምሮ፥ ማለት ከኤሌክትሮኒክ ሰሌዳው፥ ወይም ወደ ፓምፑ ከሚመጣው መስመር ስለ ሆነ አዲስ ፓምፕ መግዛት ገንዘብን በከንቱ ማፍሰስ ነው። ኤሌክትሪኩ እንደ በራ የሚደረገውን መለካትም ለሠለጠነ የኤሌክትሪክ ባለሙያ እንተውለት።

ፓምፑ መለወጥ እንዳለበት በእርግጥ ከታወቀ በኋላ፥ መልኩን አይቶ «ይህን ይመስላል» ብሎ መግዛት አይገባም። በመኪናው በር ጠርዝ ላይ የተለጠፈው የመኪናው ስምና ሙሉ ቍጥር፥ በፓምፑም ላይ የተጻፈው ቮልት፥ ኸርዝና ዋት ተገልብጦ ለሻጩ ይሰጥ። ይህ ነገር ዕቃቸውን ከውጭ አገር አስጭነው ለሚመጡ ወገኖቻችን እጅግ የሚያስፈልግ ነው። በኢትዮጵያ ለቤት የሚሰጠው ኤሌክትሪክ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ሲሆን፥ የአሜሪካው 120 ቮልትና 60 ኸርዝ ነው። ለ120 ቮልት የተሠራውን መኪና እንዲሁ ወደ 220 መሰካት ማቃጠል ነው። ትራንስፎርመር ቢደረግለትም ቮልቱን ይቀንሳል እንጂ 50 ኸርዙን ወደ 60 አያደርሰውም። የእነዚህ ትንንሽ ፓምፖች ፍጥነት ደግሞ በኸርዙ የሚወሰን ስለ ሆነ፥ በአሜሪካ በደቂቃ 3600 ጊዜ እንዲዞር የተሠራው በእኛ አገር 3000 ጊዜ ብቻ ይዞራል፤ የሚገፋውም ውኃ በዚያው መጠን ይቀንሳል። ስለዚህ ለ220 ቮልትና ለ50 ኸርዝ የተሠራውን መግዛት ከሁሉ የተሻለ ነው።

የመለወጡ ሥራ እንዲህ ነው። መኪናው ውስጡ ያለው ውኃ ሁሉ ከተቀዳ፥ ስፒናው ከተነቀለ፥ የመግቢያውና የመውጫው ጎማ ከተፈታ በኋላ በሁለት ሰው ተይዞ ከስፍራው ይወጣል። በአንዳንዱ መኪና ፓምፑ በጐን ያለው ላሜራ ሲነሣ ይታያል፤ በሌላው መኪናውን በወፍራም ብርድ ልብስ ላይ በጥንቃቄ ማስተኛት ያስፈልጋል። በሚተኛበት ጊዜ ከጨው ማኖሪያውና ከተሰወሩ ቱቦዎች ጥቂት ውኃ መፍሰሱ አይቀርምና ፎጣ ይሰናዳ። በብዙዎቹ መኪናዎች አስወጪው ፓምፕ በብሎን ሳይሆን በመቆለፊያ ጥርስ የተያዘ ነው፤ ጥርሱን ጫን አድርጎ ፓምፑን ጥቂት ማዞር ያላቅቀዋል። አልላቀቅ ቢል በካቻቢቴ መፈንቀል የተቀመጠበትን ፕላስቲክ ይሰብራል፤ ፓምፑ በጥቂት ዋጋ ይገኛል፥ የተሰበረው መቀመጫ ግን መኪናውን ያስጥላል።

አዲሱ ፓምፕ ከመግባቱ በፊት መቀመጫው በንጹሕ ጨርቅ ይጠረግ፤ የላስቲክ ቀለበቱም ሳይጣመም በቦታው መሆኑ ይታይ። ቀለበቱ በቀላሉ እንዲገባ ጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና በውኃ አሟሙቶ መቀባት ይበቃል፤ የሞተር ዘይት ላስቲኩን ሊያበላሽ ስለሚችል አይቀባ። ፓምፑ ቀጭ ብሎ እስኪቆለፍ ይዙር፤ ሽቦዎቹ እንደ ፎቶግራፉ ይመለሱ፤ የመሬት ሽቦ የተፈታ እንደ ሆነም ሳይታሰር እንዳይቀር ሁለት ጊዜ ይታይ። የሰውን ሕይወት ከአደጋ የሚጠብቀው ያ ሽቦ ነውና።

ከዚያ መኪናው ይቁምና የተፈቱት ጎማዎች ሁሉ በሚገባ ይታሰሩ። ወደ ስፍራው ሳይገፋ 2 ሊትር ያህል ውኃ ተጨምሮበት፥ በሩ ተዘግቶ ኤሌክትሪኩ ከተመለሰ በኋላ እንዲያስወጣ ይታዘዝ። ከበታቹም ደረቅ ጋዜጣ ይነጠፍ፤ አንዲት ጠብታ ብትወርድ ወረቀቱ ይናገራል። ጋዜጣው የረጠበ እንደ ሆነ ኤሌክትሪኩን አጥፍቶ ቀለበቱን እንደገና መመልከት ነው። ደረቅ የሆነ እንደ ሆነ አንድ አጭር እጥበት ያለ ሳህን ይደረግና መኪናው ወደ ስፍራው ይመለስ። በአንዳንድ መኪና ሆድ ሥር ውኃ ሲጠራቀም ሥራውን የሚያቆም ተንሳፋፊ መጠበቂያ አለ፤ በቦሽ መኪናዎች የኢ ፊደል ከ15 ቍጥር ጋር የሚታየው ይህ በሆነ ጊዜ ነው። በሥራው ላይ በዚያ ስፍራ ውኃ ፈስሶ እንደ ሆነ ሳይደርቅ መኪናው አይሠራምና፥ አዲሱን ፓምፕ ከመውቀስ አስቀድሞ ያ ስፍራ ይድረቅ።

ይህን ሁሉ ስንጽፍ ሁሉም ሰው በገዛ እጁ ካቻቢቴ ይያዝ ማለታችን አይደለም። የቃጠሎ ሽታ ያለ እንደ ሆነ፥ ሽቦ የተላጠ እንደ ሆነ፥ መኪናውን የነካ ሰው ኤሌክትሪክ የያዘው እንደ ሆነ፥ ከብሬከሩ አጥፍቶ ባለሙያ መጥራት ግዴታ ነው። ነገር ግን ባለሙያውን የሚጠራ ሰውም አሠራሩን ያወቀ እንደ ሆነ ሥራውን ይቈጣጠራል። «ማጣሪያውን አየኸው? መዘውሩን አዞርኸው? ሽቦውን ለካኸው?» ብሎ መጠየቅ ለባለቤቱ ክብሩ ነው፤ ሐቀኛው ባለሙያ በዚህ ጥያቄ አይቀየምም። ተለወጠ የተባለውንም አሮጌ ፓምፕ በእጅ መቀበል መልካም ልማድ ነው።

ሕመሙ እንዳይመለስም ጥቂት ጥንቃቄ ይበቃል። ትራፊው ሁሉ፥ ይልቁንም አጥንትና የጥርስ መጎርጐሪያ፥ ከሳህኑ ይራገፍ። ቅቤ የበዛበት ድስት አስቀድሞ በወረቀት ይጠረግ። ወረቀት የተለጠፈበት ጠርሙስና ማሰሮ ወረቀቱ ሳይላጥ አይግባ። የሸክላ ጀበና ሳሙናና ውኃ የሚጠጣ ስለ ሆነ ከነጭራሹ አይግባ። በድግስ ጊዜ ብርጭቆ የተሰበረ እንደ ሆነ፥ መኪናው ባዶ ሆኖ ወለሉና ማጣሪያው ሳይታይ ሥራ አይጀምር። ማጣሪያው በሳምንት አንድ ቀን ይታጠብ። ኤሌክትሪክ እየጠፋ በሚመለስበት ሰፈርም በመካከል የቮልት መጠበቂያ ማድረግ ለፓምፑም ለሰሌዳውም ይጠቅማል።

ይህንም ሥርዓት ለቤቱ ሠራተኛ በቍጣ ሳይሆን በትምህርት ማስረዳት የባለቤቱ ፋንታ ነው። ማጣሪያው የት እንዳለ ያልታየችው ሰው ማጣሪያውን አላጠበችም ተብላ ልትከሰስ አይገባም። ልጆችም በምርመራው ጊዜ አጠገብ ቆመው እንዲያዩ ቢደረግ፥ ስለ ፓምፕ ከሚማሩት ይልቅ ስለ ፍርድ የሚማሩት ይበልጣል፤ አባታቸው ምስክሩን ሳይሰማ እንደማይፈርድ ያያሉና። በመኪናው ሆድ ያለችው ትንሽ መዘውር እውነቱን ትናገራለች፤ ከእኛ የሚፈለገው ክዳኑን ከፍቶ እስክናይ ድረስ ቃላችንን መቈጠብ ነው።